የልጆች ተረት ማጫወቻ ሳጥን ከዋይ ፋይ ጋር አልገናኝ ሲል ምን ይደረግ?

አዲሱ ምስል፣ ተረቱን የሚያስጀምረው ትንሽ አሻንጉሊት፣ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ልጅዎ ጥርሱን ቦርሾ፣ ፒጃማውን ለብሶ ይጠብቃል። ተረቱ ግን አይመጣም። በዚህች ሰዓት ብዙ ወላጅ ትዕግሥቱ ያልቅበትና ሳጥኑን ወደ ፋብሪካ ቅንብር ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ቀድሞ ወርደው የነበሩት ተረቶች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ፤ ዋይ ፋዩም አይገናኝም፤ ቢያንስ የድሮውን ተረት ይጫወት የነበረው ሳጥን ጨርሶ ዲዳ ይሆናል።

እስካሁን እጄ ከገቡት የዘመድና የጎረቤት ሳጥኖች መካከል በእርግጥ ተበላሽቶ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሾርባ ፈስሶበት ነበር። የሌሎቹ ሁሉ ችግር ከራውተሩ፣ ከይለፍ ቃሉ ወይም ከስልኩ ቅንብር የመጣ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራቸው ይሂዱባቸው። ምሳሌ የምወስደው ከመጀመሪያው ትውልድ ቶኒቦክስና ከዮቶ ነው፤ ሌላ ዓይነት ካለዎት የአዝራሩ ቦታ ይለያይ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ችግሩ በእርግጥ የዋይ ፋይ ነው?

ቶኒቦክስ ላይ የሚቀመጠው ምስልም ሆነ ዮቶ ውስጥ የሚገባው ካርድ በውስጡ ድምፅ የለውም። ያለው አንዲት ትንሽ ቺፕ ናት። ሳጥኑ የቺፗን መለያ ያነብና ተረቱን ከኢንተርኔት አውርዶ በራሱ ማኅደረ ትውስታ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ያንን ተረት ለማጫወት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ይህን ካወቁ ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፦

- ከዚህ በፊት የተጫወተ ምስል ወይም ካርድ ያስቀምጡ። እሱ ተጫውቶ አዲሱ ብቻ ካልተጫወተ ችግሩ የግንኙነት ነው። ወደ ደረጃ 1 ይለፉ።
- የድሮውም አዲሱም የማይጫወት ከሆነ ዋይ ፋዩን ይተዉት። ሳጥኑን አንድ ሰዓት ቻርጅ ያድርጉ፣ የድምፁን መጠን ይመልከቱ፣ የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶበት እንዳልሆነ ያረጋግጡ። የመጨረሻው ያስቃል፤ ግን ይደርሳል።
- ሁሉም እየተጫወተ በቅርቡ እርስዎ የቀዱት ድምፅ ብቻ ካልመጣ በቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ።

የመጀመሪያው ትውልድ ቶኒቦክስ ችግር ሲገጥመው የእንስሳ ስም ይናገራል፤ ጃርት ወይም ጉጉት ሊል ይችላል። ልጆች ጨዋታ ይመስላቸዋል እንጂ የስሕተት መለያ ነው። ስሙን ወረቀት ላይ ይጻፉትና ትርጉሙን በአምራቹ የእርዳታ ገጽ ላይ ይፈልጉ። «አንድ እንስሳ ብሎኛል» ብቻ ብሎ እርዳታ መጠየቅ የትም አያደርስም።

የሚያዘጋጁት

የሳጥኑ ቻርጀር፣ ስልክ፣ ከተቻለ የሌላ ሰው ሁለተኛ ስልክ፣ እስክሪብቶና ወረቀት። ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ፎቶ ያንሡ፤ የኔትወርኩ ስም፣ የይለፍ ቃሉና የራውተሩ መግቢያ አድራሻ እዚያ ላይ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ይመድቡ። ልጁ እያየ አይጀምሩት። «ደረሰ? አሁንስ?» እየተባለ የይለፍ ቃል በትክክል የጻፈ ሰው አላየሁም።

ደረጃ 1፦ ኃይልና ርቀት

1. ሳጥኑን ቻርጀሩ ላይ ያድርጉትና እስከ መጨረሻው እዚያው ይተዉት። ባትሪው ዝቅ ያለ መሣሪያ ማዋቀር መሀል ላይ ይጠፋል፤ እርስዎም የተሳሳተ ቦታ ችግር ሲፈልጉ ያመሻሉ።
2. ሳጥኑን ከራውተሩ በሁለት ወይም በሦስት ሜትር ርቀት፣ በመካከል ግድግዳ በሌለበት ያስቀምጡ። ለማዋቀሪያ ጊዜ ብቻ ነው፤ በኋላ ወደ ልጁ ክፍል ይመልሱታል።
3. ማይክሮዌቭ ምድጃ እየሠራ ከሆነ ያጥፉት። እነዚህ ሳጥኖች በሚጠቀሙበት የሞገድ ክልል ውስጥ ስለሚሠራ ግንኙነቱን ይረብሻል።

ከራውተሩ አጠገብ ሠርቶ በልጁ ክፍል የማይሠራ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል፦ ሞገዱ እዚያ አይደርስም። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባና ከብረት ቁም ሣጥን ያርቁት፣ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ደግሞ አዲስ ምስል በተገዛ ቁጥር ሳጥኑን ሳሎን አምጥተው ያውርዱና ይመልሱት። ተረት የሚወርደው አንዴ ነውና እኔ በዚህ ብቻ የቀጠሉ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ደረጃ 2፦ በትክክለኛው ቅደም ተከተል አጥፍቶ ማብራት

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» የሚል ሁሉ በትክክል አድርጎታል ማለት አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ሳጥኑን ያጥፉ።
2. ራውተሩን ከሶኬት ይንቀሉ። በአዝራሩ ማጥፋት ብቻ አይበቃም።
3. 30 ሰከንድ ይቁጠሩ።
4. ራውተሩን ይሰኩና መብራቶቹ ተረጋግተው እስኪቆሙ ይጠብቁ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ቡና ለመቁላት አይበቃም፣ ለማጠብ ይበቃል።
5. አሁን ሳጥኑን ያብሩ።

ሳጥኑ ቀድሞ ከበራ ራውተሩን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ፍለጋውን ያቆማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረውም ይኸው ነው፤ ሳጥኑ በባትሪ ስለሚሠራ እንደበራ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ከዜሮ ይነሣል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ፣ መብራቱ ከመጣ አምስት ደቂቃ በኋላ ሳጥኑን አጥፍቶ ማብራት ልማድ ይሁንልዎት።

ደረጃ 3፦ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት አለ?

1. ስልክዎን ሳጥኑ ሊገናኝበት በሚገባው ዋይ ፋይ ላይ ያገናኙ።
2. የስልኩን የሞባይል ዳታ ያጥፉ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ዋይ ፋዩ ባዶ ሲሆን ስልኩ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ እርስዎም «ኢንተርኔት አለ» ብለው ይቀጥላሉ።
3. ቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞር መተግበሪያ) ካለ ያጥፉ።
4. ከዚህ በፊት ከፍተውት የማያውቁትን ድረ ገጽ ይክፈቱ።

ገጹ ካልተከፈተ ሳጥኑን አይንኩት። ጥቅሉ አልቆ፣ ክፍያው አልተፈጸመ፣ ወይም መስመሩ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ አይጨነቁ። በሰከንድ 96 ኪሎ ቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 43 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ በሰከንድ አንድ ሜጋ ቢት በሚያወርድ ደካማ መስመር እንኳን ስድስት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ማውረዱን የሚያሰናክለው በየደቂቃው የሚቆራረጥ መስመር ነው።

ደረጃ 4፦ የ2.4 ጊጋኸርዝ ጉዳይ

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

የዛሬ ራውተሮች ቢያንስ በሁለት የሞገድ ክልል ይሠራሉ፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። የመጀመሪያው ትውልድ ቶኒቦክስም ሆነ ብዙዎቹ መሰል ማጫወቻዎች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። ራውተሩ 5ን ብቻ የሚያሰራጭ ከሆነ ሳጥኑ ከራውተሩ ላይ ቢቀመጥም አያየውም። ስልክዎ ሁለቱንም ስለሚያይ «የእኔ ስልክ ይሠራል እኮ» የሚለው ክርክር ምንም አያረጋግጥም።

ወደ ራውተሩ ቅንብር እንዲህ ይግቡ፦

1. ከዋይ ፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አሳሹን ይክፈቱ።
2. በአድራሻው ቦታ ተለጣፊው ላይ ያለውን አድራሻ ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው።
3. የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ያስገቡ። ይህ የዋይ ፋዩ ሳይሆን የራውተሩ የይለፍ ቃል ነው፤ ሁለቱ ይለያያሉ።
4. ማንኛውንም ነገር ከመለወጥዎ በፊት ገጹን ፎቶ ያንሡ። የነበረውን ሳያውቁ የለወጡትን መመለስ አይችሉም።

ከዚያ ሦስት ነገሮች ይፈትሹ።

*2.4 በርቷል?* «ዋየርለስ» ወይም «ዋይ ፋይ» በሚለው ክፍል ይፈልጉት፤ ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት።

*ሁለቱ ክልሎች በአንድ ስም ተጠቃልለዋል?* ብዙ ራውተር ለሁለቱም አንድ ስም ይሰጥና መሣሪያውን ወደፈለገው ይገፋዋል፤ አሠራሩ «ስማርት ኮኔክት» ወይም «ባንድ ስቲሪንግ» ይባላል። አንዳንዱ ሳጥን ይህን ችሎ ይኖራል፣ አንዳንዱ አይችልም። ይህን አሠራር አጥፍተው ለ2.4ቱ የተለየ ስም ይስጡት። ሁሉንም መለያየት ካልፈለጉ የእንግዳ ኔትወርክ በ2.4 ብቻ ከፍተው ለሳጥኑ ይተዉለት፤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም የሌሎቹን መሣሪያዎች ግንኙነት አይነካም።

*ቻናሉ ስንት ነው?* ቻናል ማለት በአንድ የሞገድ ክልል ውስጥ ራውተሩ የሚያሰራጭበት ቁጥር የተሰጠው መስመር ነው። ባለፈው ገና እህቴ ከቨርጂኒያ ወደ ፍራንክፈርት ስትመጣ የልጇን ሳጥን ይዛ መጣች። አሜሪካ ሲሠራ የነበረ ሳጥን የእኛን ራውተር ጨርሶ አላየውም፤ ስሙ እንኳን ዝርዝሩ ውስጥ አልወጣም። ሁለት ምሽት ደከምን። በመጨረሻ የራውተሩን ገጽ ስከፍት «አውቶማቲክ» ብዬ የተውኩት ቻናል 13 ላይ ተቀምጧል። በአሜሪካ በ2.4 የሚሠራባቸው ቻናሎች ከ1 እስከ 11 ሲሆኑ፣ በአውሮፓና በብዙ ሌሎች አገሮች እስከ 13 ይፈቀዳል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መሣሪያ 12ን እና 13ን ላይፈልግ ይችላል። ቻናሉን ወደ 6 ስቀይረው ሳጥኑ ወዲያው ተገናኘ። ከአሜሪካ ለዘመድ ልጅ ሳጥን የሚልኩ ወይም ይዘው የሚጓዙ ሁሉ ይህን ያስታውሱ፤ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ በቋሚነት ያድርጉት። የቻናሉን ስፋት ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉ፤ በአፓርታማ ሕንጻ ውስጥ 40 ከጎረቤት ጋር ከመጋጨት በቀር ለሳጥኑ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ደረጃ 5፦ የኔትወርኩ ስምና የይለፍ ቃሉ

የኔትወርክዎን ስም በአማርኛ ጽፈው ከሆነ ደስ ይላል፤ ግን ለሙከራ ይለውጡት። የዋይ ፋይ ስም ቢበዛ 32 ባይት ነው። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚይዝ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም። ስልክ ስሙን አሳምሮ ያሳያል፤ ትንሿ ሳጥን ግን ልትደናገርበት ትችላለች። የስሜት ምልክቶች፣ ጥቅስና ክፍት ቦታ ያለባቸው ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ለጊዜው የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ያለበት አጭር ስም ይስጡት። ስሙ ተደብቆ ከሆነም ይግለጡት።

የይለፍ ቃሉን እንዲህ ይፈትሹ፦

1. ከስልክዎ ላይ ኔትወርኩን «እርሳ» በሚለው ትእዛዝ ያስወግዱት።
2. ወረቀት ላይ ከጻፉት የይለፍ ቃል ላይ እያዩ እንደገና ያገናኙት። ስልኩ ካልገባ የጻፉት ቃል ራሱ ስሕተት ነው።
3. በሳጥኑ የስልክ መተግበሪያ ላይ ሲያስገቡ የዓይን ምልክቷን ነክተው ፊደሎቹን እያዩ ይጻፉ።

የሚያሳስቱት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፦ የላቲኑ ኦ እና ዜሮ፣ ትንሿ ኤል እና ቁጥር 1፣ ስልኩ ሳይጠየቅ ካፒታል ያደረገው የመጀመሪያ ፊደል፣ ከሌላ ቦታ ሲገለበጥ መጨረሻ ላይ የገባ ክፍት ቦታ። የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት መሆን አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ የኔትወርኩን ስም ወይም የይለፍ ቃል ከለወጡ ቴሌቪዥኑም፣ ማተሚያውም፣ የባለቤትዎ ስልክም ይቋረጣሉ። አስቀድመው ለቤተሰቡ ይንገሩ።

ደረጃ 6፦ ራውተሩ ሳጥኑን ከልክሎት ይሆን?

1. *የጥበቃው ዓይነት።* «ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ» ከሆነ ወደ «ደብሊው ፒ ኤ 2» ወይም ሁለቱን ወደሚያጣምረው ይቀይሩት። ጥምሩም እምቢ ካለ 2ን ብቻ ያድርጉት። ጥበቃውን ግን ፈጽሞ አያጥፉ፤ ለሙከራ ብለው ክፍት የተዉት ዋይ ፋይ ክፍት እንደሆነ ይከርማል።
2. *የማክ ማጣሪያ።* የተፈቀዱ መሣሪያዎችን ብቻ የሚያስገባ ዝርዝር በርቶ ከሆነ የሳጥኑን መለያ ይጨምሩበት ወይም ማጣሪያውን ያጥፉት።
3. *የመሣሪያዎች ቁጥር።* አንዳንድ ተንቀሳቃሽ ራውተር የሚችለው ጥቂት መሣሪያዎችን ብቻ ነው። ሁለት ስልክ ከዋይ ፋዩ አስወጥተው ይሞክሩ።
4. *የልጆች መቆጣጠሪያ ሰዓት።* በዚህኛው እኔው ተይዤበታለሁ። አዳዲስ መሣሪያዎች ሁሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ኢንተርኔት እንዳያገኙ ራውተሩን አዝዤ፣ ከአንድ ወር በኋላ የገዛነው ሳጥን ለምን ቀን ቀን ብቻ እንደሚሠራ ሦስት ሌሊት ስመራመር አደርኩ። ሳጥኑ ማታ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

ደረጃ 7፦ ሳጥኑን እንደ አዲስ ማገናኘት

አሁን ራውተሩ ዝግጁ ነው። የሳጥኑን መተግበሪያ ያዘምኑና ይክፈቱ። ፈቃድ ሲጠይቅ አይንፈጉት፦ አንድሮይድ ላይ የአካባቢ መገኛ ፈቃድ ከሌለ መተግበሪያው በዙሪያው ያሉትን ዋይ ፋዮች ማየት ላይችል ይችላል፤ አይፎን ላይ ደግሞ የአካባቢያዊ አውታረ መረብ ፈቃድ ያስፈልጋል። በብሉቱዝ የሚዋቀር ሳጥን ከሆነ ብሉቱዙን ያብሩ።

ለመጀመሪያው ትውልድ ቶኒቦክስ፦

1. ምስሉን ከላዩ ያንሡ።
2. ከሳጥኑ አናት ላይ ያሉትን ሁለት ጆሮዎች አንድ ላይ ለሦስት ሰከንድ ያህል፣ መብራቱ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ ድርግም እስኪል ይጫኑ። አንዱ ጆሮ ቀድሞ ከተለቀቀ ይመልሱና እንደገና ይጀምሩ።
3. ሳጥኑ በራሱ ስም ጊዜያዊ ዋይ ፋይ ይከፍታል። መተግበሪያው ሲጠይቅዎት ስልኩን ከዚያ ጋር ያገናኙ።
4. የቤትዎን የ2.4 ኔትወርክ ይምረጡ፣ የይለፍ ቃሉን ያስገቡ።
5. መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እስኪረጋ ሳይነኩት ይጠብቁ።

*ሦስተኛው ላይ ከተሰናከለ፦* ስልኩ «ይህ ዋይ ፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ልቀይር?» ይላል። አይቀይሩ። ሳጥኑ የከፈተው ዋይ ፋይ ከስልክዎ ጋር ለመነጋገሪያ ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔት የለውም። የሞባይል ዳታውን ለጊዜው ያጥፉ፣ «ተገናኝቼ ልቆይ» የሚለውን ይምረጡ፣ ወደ መተግበሪያው ይመለሱ።

*አራተኛው ላይ የቤትዎ ስም ካልታየ፦* ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። የስሙ አለመታየት የክልል፣ የቻናል ወይም የርቀት ጉዳይ ነው።

*ስሙ ታይቶ የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ከወደቀ፦* ደረጃ 5 እና 6።

*ሁሉም አልፎ አረንጓዴ ካልሆነ፦* የስልክዎን ሆትስፖት፣ ማለትም የሞባይል ዳታውን በዋይ ፋይ ለሌላ መሣሪያ የሚያጋራውን፣ በደረጃ 9 እንደተገለጸው ከፍተው ሳጥኑን በእሱ ይሞክሩት። በሆትስፖት ከሠራ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ራውተሩ ላይ ነው። በሆትስፖትም እምቢ ካለ ሳጥኑን መጠርጠር የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው።

ደረጃ 8፦ ተገናኝቷል፣ ተረቱ ግን አይወርድም

አዲሱን ምስል ያስቀምጡና በትዕግሥት ይጠብቁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳይረጋ ምስሉን ቢያነሡት ማውረዱ ይቋረጣል። ልጆች ደግሞ ማንሣት ይወዳሉ። ስለዚህ አዲስ የተገዛን ምስል ቀን ላይ፣ ከስጦታ ወረቀቱ ሳይወጣ በፊት አውርደው ቢያስቀምጡት ብልህነት ነው።

አያት ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ተረት ቀድተው ሲልኩ የሚመጣ ችግር አለ። በቶኒቦክስ ባዶው ምስል ላይ እስከ 90 ደቂቃ የሚሆን የራስን ድምፅ መጫን ይቻላል፤ ዮቶም ባዶ ካርድ አለው። አያት «ልኬያለሁ» ይላሉ፣ መተግበሪያው ውስጥ ይታያል፣ ሳጥኑ ግን አሮጌውን ይደግማል። ምክንያቱ ሳጥኑ ስለ አዲሱ ቅጂ ገና አለማወቁ ነው፦

1. ድምፁ ወደ መተግበሪያው ተጭኖ ማለቁን ያረጋግጡ። ማስቀመጫውን አዝራር ሳይጫኑ ገጹን የዘጉ ብዙ ናቸው።
2. ቀረጻው የተጫነው በትክክለኛው ምስል ላይ መሆኑን ይዩ፤ ሁለት ባዶ ምስል ያለው ቤት ሁልጊዜ ያቀያይራል።
3. ሳጥኑ በዋይ ፋይ ክልል ውስጥ ይሁን።
4. ቶኒቦክስ ከሆነ አንዱን ጆሮ ለሦስት ሰከንድ ያህል፣ ድምፅ እስኪሰሙ ይጫኑ። ይህ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማዘዣው ነው።
5. ማውረዱ እስኪያልቅ ይጠብቁና ምስሉን ያስቀምጡ።

አያት በስልክ የሚልኩት የድምፅ ፋይል አንዳንድ ጊዜ መተግበሪያው በማይቀበለው ዓይነት ይመጣል። ወደ ኤም ፒ 3 ቀይረው ይጫኑት።

ደረጃ 9፦ ከቤት ውጪ

የሆቴል፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የሆስፒታል ዋይ ፋይ ብዙ ጊዜ ድረ ገጽ ከፍቶ የክፍል ቁጥር ወይም ስልክ ያስሞላል። ሳጥኑ ያንን ገጽ መክፈት አይችልም፤ ስለዚህ አይታገሉት። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ለየሰዉ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ኔትወርኮችም እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው ሆትስፖት ነው፦

1. ሁለት ስልክ ያዘጋጁ፤ አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ሳጥኑን ያዋቅራል። በአንድ ስልክ ሁለቱን ለማድረግ መሞከር ብዙ ጊዜ አይሳካም።
2. አይፎን 12 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ላይ በሆትስፖቱ ገጽ ውስጥ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ያብሩ። ያን ጊዜ በ2.4 ያሰራጫል። ሳጥኑ እስኪገናኝ ድረስ ከዚያ ገጽ አይውጡ።
3. አንድሮይድ ላይ በሆትስፖቱ ቅንብር የሞገድ ክልሉን 2.4 ያድርጉ።
4. አይፎን ሆትስፖቱን በስልኩ ስም ይጠራል። ስልኩን በአማርኛ ሰይመውት ከሆነ ደረጃ 5ን ያስታውሱ።

የሞባይል ጥቅልዎን እያዩ ያውርዱ። ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው ከመነሣት በፊት ባለው ምሽት ምስሎቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ ማውረድ ነው። ከሻንጣው የሚገባ ምስል ሁሉ ቢያንስ አንዴ ተጫውቶ ይግባ። ከአሜሪካ የሚመጣ ቻርጀር ላይ ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያዩ አዲስ አበባ ሶኬት ላይ አይሰኩት።

ደረጃ 10፦ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ

እዚህ የደረሱት ከላይ ያለውን ሁሉ ሠርተው፣ በሁለት የተለያዩ ሆትስፖቶችም ሞክረው ከሆነ ብቻ ይቀጥሉ።

1. መመለሻውን ከመተግበሪያው ወይም ከአምራቹ መመሪያ ላይ ለእርስዎ ሞዴል የተጻፈውን ተከትለው ያድርጉ። ከሌላ ሞዴል የተወሰደ የአዝራር ቅንጅት አይሞክሩ።
2. ሳጥኑ በሌላ ሰው መለያ የተመዘገበ ከሆነ፣ ማለትም ሁለተኛ እጅ ገዝተውት ወይም ከዘመድ ተሰጥቶዎት ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት ከመለያው እንዲያወጣው ይጠይቁ። ይህ ሳይሆን ሳጥኑን ስንት ጊዜ ቢመልሱት ለውጥ የለም።
3. በቻርጀሩ ላይ እንዳለ ከደረጃ 7 ጀምረው ያዋቅሩት።
4. አሁንም እምቢ ካለ ወደ አምራቹ ይጻፉ። የሳጥኑን መለያ ቁጥር፣ የመብራቱን ቀለም፣ የተናገረውን የእንስሳ ስም፣ የራውተሩን ሞዴል፣ በሆትስፖት መሞከርዎንና የገዙበትን ቀን በአንድ መልእክት ይላኩ። እነዚህ ከሌሉ የመጀመሪያው መልስ የሚሆነው «አጥፍተው ያብሩት» ነው።

ሳጥኑ ውኃ ወይም ሾርባ ነክቶት ከሆነ ደግሞ ቻርጅ አያድርጉት፤ ለአምራቹም አይደብቁ።

ከተመለሰ በኋላ ማኅደረ ትውስታው ባዶ ነው፤ እያንዳንዱ ተረት እንደገና መውረድ አለበት። በመጀመሪያ ልጁ የሚተኛበትን ያንን አንዱን ያውርዱ። ሌላው ለነገ ይደርሳል።